ደራሲው በሌለበት የሚካሄድ ሙግት፦ «ካናዳ ሪድስ» የተባለው የሬዲዮ ዝግጅት እንደ ጉዳይ ጥናት

አዲስ ልብ ወለድን በሬዲዮ ማወያየት ከሚታሰበው በላይ አስቸጋሪ ሥራ ነው። አድማጩ መጽሐፉን ገና አላነበበውም፤ ጠያቂው የታሪኩን ምስጢር እንዳያወጣበት ይጠነቀቃል፤ ደራሲው ደግሞ ስለ ገዛ ሥራው ሲጠየቅ ወይ ትሕትና ይይዘዋል፣ ወይ በየጣቢያው ሲናገረው የሰነበተውን ይደግማል። በዚህም ምክንያት አብዛኛው የደራሲ ቃለ መጠይቅ ከመጽሐፉ ይልቅ ወደ ደራሲው ልጅነት፣ ወደ ትምህርት ቤት ትዝታውና መጻፍ ወደ ጀመረበት አጋጣሚ ያዘነብላል። ጨዋታው ይጥማል፤ መጽሐፉ ግን ሳይገለጥ ሰዓቱ ያልቃል።

የካናዳው ብሔራዊ የብሮድካስት ድርጅት ሲቢሲ ለዚህ ችግር ያገኘው መፍትሔ ደራሲውን ከውይይቱ ጠረጴዛ ማስነሳት ነበር። «ካናዳ ሪድስ» የተባለው ዝግጅት የተጀመረው በ2002 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። አምስት የታወቁ ሰዎች፣ ማለትም ዘፋኝ፣ ተዋናይ፣ ፖለቲከኛ፣ ስፖርተኛ፣ ጋዜጠኛ ወይም ደራሲ የሆኑ፣ እያንዳንዳቸው አንዳንድ የካናዳ መጽሐፍ ይዘው ይቀርባሉ፤ የሌሎቹንም አራት መጻሕፍት አንብበው እንዲመጡ ይጠበቅባቸዋል። ለተከታታይ ቀናት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ይሟገታሉ፤ በየዙሩ ማብቂያ ላይ ድምፅ ሰጥተው አንድ መጽሐፍ ያስወጣሉ፤ በመጨረሻ የቀረው መላው አገር ሊያነበው የሚገባ መጽሐፍ ተብሎ ይታወጃል። መጽሐፉ የተጣለበት ተሟጋች ከጠረጴዛው አይነሳም፤ እስከ መጨረሻው ድረስ ይከራከራል፣ ድምፅም ይሰጣል። ይህ ደንብ እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም፤ ትናንት የገዛ መጽሐፉን ያጣው ሰው ዛሬ በሌላው መጽሐፍ ዕጣ ላይ ወሳኝ ድምፅ ይዞ ስለሚቀመጥ፣ ሌሎቹ ተሟጋቾች ሲናገሩ ለአድማጩ ብቻ ሳይሆን ለእርሱም ጭምር ነው የሚናገሩት።

የተሟጋቹ አኳኋን ለትዳር ጥየቃ የተላከን ሽማግሌ ያስታውሰኛል። ሙሽራው በቦታው የለም፤ በገዛ አፉ ቢናገረው የሚያሳፍረውን ሁሉ ሽማግሌው ደረቱን ነፍቶ ይናገርለታል፤ ጉድለት ሲነሳም የሚመልሰው እርሱ ነው። አንድ ደራሲ በሬዲዮ ቀርቦ «መጽሐፌ ከእነዚህ ሁሉ ይበልጣል» ቢል ማን ይታገሠዋል? ዘፋኟ ወይም የቀድሞው የሆኪ ተጫዋች ሲለው ግን ሙግት ይሆናል፤ ሙግት ደግሞ ለሬዲዮ የተፈጠረ ነገር ነው።

ሐሳቡ ከባዶ የተነሣ አልነበረም። በ1998 በአሜሪካዋ የሲያትል ከተማ አንዲት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፣ ናንሲ ፐርል፣ የከተማው ነዋሪ ሁሉ አንድ ልብ ወለድ በአንድ ወቅት እንዲያነብና እንዲወያይበት ያደረገችበት መርሐ ግብር በሰሜን አሜሪካ ከተሞች በፍጥነት ተዛምቶ ነበር። በ2000 ደግሞ ተወዳዳሪዎች እርስ በርሳቸው በድምፅ የሚባረሩበት «ሰርቫይቨር» የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጨዋታ ተመልካቹን ሁሉ ይዞት ነበር። «ካናዳ ሪድስ» የእነዚህ የሁለቱ ክልስ ነው ማለት ይቻላል፦ አንዱ አንድ መጽሐፍ ለሁሉም የሚለውን ምኞት፣ ሌላው የማባረሩን ጨካኝ ደስታ አዋጣ። የሲቢሲ አዘጋጆች በዚህ ላይ የጨመሩት፣ ተሟጋቾቹ በዋናነት የሥነ ጽሑፍ ምሁራን እንዳይሆኑ ማድረጋቸውን ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ጠረጴዛ ይህን በግልጽ ያሳያል። አቅራቢዋ የቀልድ ተዋናይዋ ሜሪ ዋልሽ ነበረች። ከተሟጋቾቹ መካከል የቀድሞዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ኪም ካምቤል፣ ቤርኔኬድ ሌዲስ የተባለው የሙዚቃ ቡድን ድምፃዊ ስቲቨን ፔጅ፣ ተዋናይት ሜገን ፎሎውስ፣ እንዲሁም ሁለት ደራሲያን፣ ሊየን ሩክና ናሎ ሆፕኪንሰን፣ ይገኙበት ነበር። ካምቤል የያዙት የማርጋሬት አትውድን ዓለም አቀፍ ዝና ያለው ልብ ወለድ ነበር፤ ሆፕኪንሰን የጆርጅ ኤሊየት ክላርክን በግጥም የተገነባ ሥራ ይዛ ቀረበች። ያሸነፈው ግን ድምፃዊው ፔጅ የተሟገተለት የማይክል ኦንዳቼ ልብ ወለድ ሆነ። አገር የመሩት ሰው በዘፋኝ መረታታቸው በወቅቱ ፈገግታ ቢጭርም፣ ቁም ነገሩ ሌላ ነው፤ በዚያ ጠረጴዛ ላይ የቀድሞ ሥልጣንም ሆነ የሥነ ጽሑፍ ዕውቀት ድምፅ እንደማይገዛ ከመጀመሪያው ታየ። የሚገዛው አጠገብህ የተቀመጡትን አራት ሰዎች ማሳመን መቻል ነው።

ዝግጅቱ ከምንም በላይ የሚወደስበት የመጽሐፍ ሽያጭ ነው። ካናዳ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የምታነብ፣ ከአሜሪካና ከብሪታንያ በሚጎርፍ መጽሐፍ የተጥለቀለቀች አገር በመሆኗ፣ የአገር ውስጥ ልብ ወለድ 5,000 ቅጂ ከተሸጠ ብዙ ተሸጠ ይባላል። በዚህ ገበያ ላይ ለቀናት የሚዘልቅ፣ በመላ አገሪቱ የሚሰማ የሬዲዮ ሙግት ሲጨመር፣ የአምስቱም መጻሕፍት ሽያጭ፣ በተለይም የአሸናፊው፣ በአንዴ ይተኮሳል፤ መጽሐፍ ሻጮች ለዚህ ክስተት የዝግጅቱን ስም ሰጥተውት በዕለት ተዕለት ንግግራቸው ይጠቀሙበታል። አሳታሚዎችም ዝርዝሩ ይፋ ከመሆኑ በፊት በምስጢር ይነገራቸውና ቅጂ አትመው ይጠብቃሉ።

በዚህ ረገድ እጅግ የሚያስገርመኝ የአዲሶቹ ሳይሆን የተረሱት መጻሕፍት ታሪክ ነው። በ2005 ያሸነፈው «ሮክባውንድ» በ1928 የታተመ፣ በኖቫ ስኮሺያ ደሴቶች ላይ ስለሚኖሩ ዓሣ አጥማጆች የሚተርክ ልብ ወለድ ነበር። ደራሲው ፍራንክ ፓርከር ዴይ በ1950 ስለሞተ ድሉን የሚሰማበት ዕድል አልነበረውም። መጽሐፉን በሕትመት ያቆየው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ደግሞ እንዲህ ያለ ሥራ በብዛት የሚሸጠው ለተማሪዎች ነው። ከድሉ በኋላ መጽሐፉ በየመደብሩ የፊት መደርደሪያ ላይ ከአዳዲሶቹ ጎን ተሰለፈ። ሦስት ዓመት ቆይቶ በ2008 ያሸነፈው የፖል ኳሪንግተን «ኪንግ ሊሪ» ደግሞ በ1987 የወጣ፣ ስለ አንድ ያረጀ የሆኪ ጀግና የሚያወራ አስቂኝም አሳዛኝም ሥራ ሲሆን፣ ለውድድሩ ሲታጭ በገበያ ላይ ፈጽሞ አልነበረም፤ ለዝግጅቱ ሲባል እንደገና ታተመ። ኳሪንግተን በ2010 መጀመሪያ ላይ አረፈ። ከሃያ ዓመት በኋላ የተመለሰለትን መጽሐፍ በእጁ ይዞ ለማየት የቀረው ጊዜ ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ 2011 እንምጣ፤ የዝግጅቱ ጠባይ ሙሉ በሙሉ የታየው በዚያ ዓመት ነውና። አሥረኛው ዙር በመሆኑ አዘጋጆቹ ምርጫውን ለአድማጭ ለመክፈት ወሰኑ። በ2010 መጸው አድማጮች ባለፉት አሥር ዓመታት ከታተሙት የካናዳ ልብ ወለዶች መሠረታዊ ነው የሚሉትን እንዲጠቁሙ ተጋበዙ፤ ከጥቆማዎቹ 40 መጻሕፍት ተለዩ፤ 40ዎቹ በሕዝብ ድምፅ ወደ 10 ወረዱ፤ አምስቱ ተሟጋቾችም ከእነዚያ 10 መካከል አንዳንዱን አነሡ። የሆነው ሁሉ የሚጠበቅ ነበር። ደራሲያን በፌስቡክና በትዊተር ድምፅ ይለምኑ ጀመር፤ ወዳጅ ዘመዱን ያሰለፈ ወደፊት ገፋ፤ ቅስቀሳ የሚያሳፍረው ወደ ኋላ ቀረ። አንዳንድ ተቺዎች ይህን የሥነ ጽሑፍ ውርደት አድርገው ቆጠሩት። እኔ እንደዚያ አላየውም፤ አሳታሚም በድብቅ የሚያደርገውን ማስታወቂያ ደራሲው በአደባባይ አደረገው እንጂ አዲስ ኃጢአት አልተሠራም።

ከአምስቱ አንዱ የቴሪ ፋሊስ «ዘ ቤስት ሌይድ ፕላንስ» ነበር። ፋሊስ በትምህርቱ መሐንዲስ፣ በሥራው የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ሲሆን፣ ኦታዋ ስላለው ፓርላማ የጻፈውን ይህን አስቂኝ ልብ ወለድ የሚቀበለው አሳታሚ አጥቶ ነበር። ታሪኩ ለማሸነፍ ምንም ፍላጎት ስለሌላቸው፣ ነገር ግን ሳያስቡት የፓርላማ ወንበር ስለሚያገኙ አንድ አዛውንት የምሕንድስና ፕሮፌሰር ነው። በ2007 ደራሲው መጽሐፉን ምዕራፍ በምዕራፍ በገዛ ድምፁ እያነበበ በፖድካስት በነፃ አሠራጨው፤ ከዚያም በራሱ ወጪ አሳተመው። ደራሲ ተበድሮም ቢሆን በራሱ ወጪ ማሳተሙ ለእኛ ብርቅ አይደለም፤ በካናዳ ግን በዚያን ጊዜ እንዲህ የታተመ መጽሐፍ በጋዜጣ ለመተቸትም ሆነ በመደብር ለመደርደር ዕድሉ እጅግ የጠበበ ነበር። ፋሊስ መጽሐፉን ለአገሪቱ ታዋቂ የቀልድ ሥነ ጽሑፍ ሽልማት፣ ለሊኮክ ሜዳሊያ፣ ላከው፤ በ2008 አሸነፈ፤ ከዚያ በኋላ ማክሌላንድ ኤንድ ስቱዋርት የተባለው አንጋፋ ማሳተሚያ ቤት ተቀበለው።

ሌላው የጄፍ ሌሚር «ኤሴክስ ካውንቲ» ነበር፤ በዝግጅቱ ታሪክ ለክርክር የቀረበ የመጀመሪያው ሥዕላዊ ልብ ወለድ። ተሟጋቹ ከመንትያ እኅቷ ጋር የሚታወቀውን የሙዚቃ ቡድን የመሠረተችው ሳራ ኩዊን ነበረች። የቀሩት ሦስቱ የካሮል ሺልድስ፣ የአሚ ማኬይና የአንጂ አብዱ ልብ ወለዶች ሲሆኑ፣ በቅደም ተከተል ተዋናይ ሎርን ካርዲናል፣ የቤት ማስዋብ የቴሌቪዥን አቅራቢዋ ደቢ ትራቪስና የቀድሞው የሞንትሪያል ሆኪ ተጫዋች ጆርጅ ላራክ ቆሙላቸው። ለፋሊስ መጽሐፍ የቆመው ናይሮቢ ተወልዶ ቶሮንቶ ያደገው፣ በዚያን ጊዜ በሲኤንኤን ይሠራ የነበረው ጋዜጠኛ አሊ ቬልሺ ነበር።

«ኤሴክስ ካውንቲ» በመጀመሪያው ዙር ወደቀ። በጠረጴዛው ዙሪያ ያከራከረው ሥራው ጥሩ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ሳይሆን፣ ከናካቴው ልብ ወለድ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነበር። ክርክሩ የተለመደ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከእርሱ በስተጀርባ ያለው፣ ማንም ያላነሣው የመሣሪያው፣ የሬዲዮው፣ የራሱ ጉዳይ ነው። መጽሐፉ እናቱ የሞተችበት፣ ካባና ጭንብል አድርጎ በአጎቱ እርሻ ውስጥ የሚዞር ሌስተር የሚባል ሕፃን ይዞ ይጀምራል፤ በሁለተኛው ክፍል ጆሮው የደነቆረ፣ በእርጅናው ብቻውን የቀረ የቀድሞ ሆኪ ተጫዋች ወንድሙን ያስታውሳል። ሌሚር ይህን ብቸኝነት የሚነግረን በአብዛኛው ያለ ቃል ነው፦ በረዶ የሸፈነው ሜዳ፣ አንዲት ቁራ፣ የተሸበሸበ ፊት፣ እንደገና ባዶ ሜዳ። ሌሎቹ አራት ተሟጋቾች አንዲት አንቀጽ አንብበው አድማጩን ማስለቀስ ወይም ማሳቅ ሲችሉ፣ ኩዊን አየር ላይ ልታነበው የምትችለው ነገር እምብዛም አልነበራትም። በሬዲዮ ዝምታ ሦስት ሰከንድ ከቆየ አድማጩ ጣቢያው የተቋረጠ ይመስለዋል። የመጽሐፉ ዋና ኃይል ዝምታው በመሆኑ፣ ገና ሙግቱ ሳይጀመር ግማሹ ማስረጃ ከእጇ ወጥቶ ነበር።

የካሮል ሺልድስ ልብ ወለድም እስከ መጨረሻው ዙር አልዘለቀም፤ በአምስቱ መካከል በሥነ ጽሑፍ ሽልማት ዓለም ከሁሉ የበለጠ ስም የነበረው እርሱ ሆኖ ሳለ። በዚህ ላይ የድምፅ አሰጣጡ ስሌት ሚና ነበረው ብዬ አምናለሁ። እያንዳንዱ ዙር የሚጠይቀው «የትኛው ይበልጣል?» ብሎ አይደለም፤ «የትኛው ይውጣ?» ብሎ ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ለመርታት የፈለገ ተሟጋች የሚጠላውን ደካማ መጽሐፍ ሳይሆን የሚፈራውን ብርቱ መጽሐፍ ቀድሞ ማስወጣት ይበጀዋል፤ ማንም አጥብቆ የማይወደው ነገር ግን ማንም የማይጠላው ሥራ ደግሞ በሌሎች ግጭት መካከል ሳይነካ ያልፋል። ታላላቅ ስሞች በዚህ ዝግጅት ብዙ ጊዜ በመንገድ የሚቀሩት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ቬልሺ ይህን ከማንም በተሻለ ተረድቶት ነበር። የያዘው መጽሐፍ ከአምስቱ በአጻጻፍ ጥልቀቱ የሚጠቀስ አልነበረም፤ እርሱም በዚያ በኩል አልገፋም። የገፋው መጽሐፉ ሰውን ያስቃል፣ ያስቀውና ስለ ፖለቲካ እንዲያስብ ያደርገዋል በሚለው በኩል ነው። ወቅቱም አገዘው። በ2008ቱ የካናዳ አጠቃላይ ምርጫ ድምፅ የሰጠው ሕዝብ 58.8 በመቶ ብቻ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ በአገሪቱ ታሪክ ከታየው ሁሉ ዝቅተኛው። ሙግቱ የተካሄደበት ሳምንት ደግሞ የካይሮው ታህሪር አደባባይ በተቃዋሚ ሕዝብ የተጥለቀለቀበት ነበር። ሌላው ሕዝብ ለምርጫ መብቱ በሚሞትበት ሰሞን የራሱን ምርጫ ችላ ላለ ሕዝብ ስለ ፓርላማ የሚያወራ፣ የሚነበብ፣ የሚያስቅ መጽሐፍ ማቅረብ ጥሩ አመክንዮ ነው። በመጨረሻው ዙር የአሚ ማኬይን መጽሐፍ ረትቶ አሸነፈ። በዚያው ዓመት ግንቦት 2 ቀን ካናዳውያን እንደገና ወደ ምርጫ ጣቢያ ሄዱ፤ መጽሐፉም በ2014 የሲቢሲ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ሆነ።

አሳታሚ የናቀውን ሰው ሥራ ለመላ አገር ማዳረስ መቻሉ የዝግጅቱ ትልቅ ውለታ ነው፤ ይህን የሚክድ አይኖርም። ነገር ግን በዚያ ሳምንት ስለ አሸናፊው መጽሐፍ ዓረፍተ ነገሮች፣ ስለ አተራረኩ፣ ስለ ቀልዱ አሠራር የተባለው ነገር መጽሐፉ ስለሚሰጠው ጥቅም ከተባለው ጋር ሲተያይ እጅግ ጥቂት ነበር። ዳኒየል ፉለርና ዲኔል ሬበርግ ሴዶ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ስለ ጅምላ ንባብ መርሐ ግብሮች ለዓመታት ያጠኑ፣ ዝግጅቱን ገና ቀደም ብለው በ2006 ለአገር የቀረበ የንባብ ትርኢት ብለውት ነበር። ትርኢት መሆኑ በራሱ አያስነቅፈውም። የሚያስጨንቀው ትርኢቱ የሚሸልመው የንግግር ዓይነት ነው።

በቀጣዩ ዓመት ይህ ወደ ሰው ሕይወት ተሻገረ። በ2012 ዝግጅቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ ወለድን ትቶ እውነተኛ ታሪኮችን ብቻ አቀረበ። ከአምስቱ መጻሕፍት ሁለቱ በጭቆና ውስጥ ያለፉ ሴቶች ግለ ታሪኮች ነበሩ፦ አንዱ በ16 ዓመቷ በቴህራኑ ኤቪን እስር ቤት የታሰረችው የማሪና ነማት፣ ሌላው በወታደራዊው ገዢ በፒኖቼት ዘመን ከቺሊ ተሰድዶ በስውር ትግል ውስጥ በተሳተፈ ቤተሰብ ያደገችው የካርመን አጊሬ። የሌላ መጽሐፍ ተሟጋች የነበሩት የሞንትሪያል ጠበቃ አን-ፍራንስ ጎልድዋተር በመጀመሪያው ቀን ነማትን እውነቱን አልተናገረችም፣ አጊሬን ደግሞ አሸባሪ ናት ሲሉ አየር ላይ ወረፏቸው። ነገሩ ለቀናት በየጋዜጣው መነጋገሪያ ሆነ። ጠበቃዋ የፍርድ ቤት ልማዳቸውን ይዘው ነው የመጡት፤ የተቃራኒውን ምስክር ታማኝነት ማፍረስ በችሎት የታወቀ ስልት ነው። ልብ ወለድ ሲሆን ገጸ ባሕርይዋን ሐሰተኛ ብትላት የሚጎዳ የለም። ግለ ታሪክ ሲሆን ገጸ ባሕርይዋ የሚከፈላት አበል የሌላት፣ መልስ የምትሰጥበት ማይክሮፎን ያልቀረበላት፣ ምሽት ላይ ቤቷ ተቀምጣ ሬዲዮ የምትሰማ ሰው ናት። ለልብ ወለድ ይህን ያህል በጎ የሠራው የደራሲው አለመኖር፣ ለእውነተኛ ታሪክ ፍትሕ የለሽ ሆነ። በመጨረሻ አሸናፊ የሆነው የአጊሬ መጽሐፍ ነው፤ የቆመላትም ኬንያ ውስጥ ከሩዋንዳውያን ወላጆች የተወለደው ራፐር ሻድ ነበር።

አዘጋጆቹ በ2013 ወደ ልብ ወለድ ተመለሱ፤ ሆኖም ከ2014 ጀምሮ ሌላ ለውጥ አመጡ። የየዓመቱ ሙግት በአንድ ጭብጥ ዙሪያ እንዲሆን ተደረገ። በ2014 ካናዳን ሊለውጥ የሚችል ልብ ወለድ ተፈለገ፤ በ2015 አጥር የሚያፈርስ መጽሐፍ፤ በ2017 ካናዳውያን አሁን የሚያስፈልጋቸው መጽሐፍ፤ በ2018 ዓይን የሚከፍት፤ በ2019 ልብ የሚነካ። ከ2015 አንሥቶም ልብ ወለድና ግለ ታሪክ በአንድ ጠረጴዛ እንዲወዳደሩ ተፈቀደ። ሁለቱ ለውጦች ለየብቻቸው ጉዳት ያላቸው አይመስሉም። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ሚዛኑን አዛቡት። በ2018 የማርክ ሳካሞቶ፣ በ2019 ከአውሽቪትስ የተረፉት የማክስ አይዘን፣ በ2020 የሳምራ ሀቢብ መጽሐፍ አሸነፉ፤ ሦስቱም ግለ ታሪኮች ወይም የቤተሰብ ታሪኮች ናቸው፣ በተከታታይ። በ2023ና በ2025ም ያሸነፉት ግለ ታሪኮች ነበሩ። ከ2018 እስከ 2025 ባሉት ስምንት ዙሮች ልብ ወለድ ያሸነፈው በሦስቱ ብቻ ነው፤ በልብ ወለድ በጀመረ ዝግጅት።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። የአይዘን መጽሐፍ ስለ ሞት ካምፕ ይናገራል፤ ጸሐፊው በሙግቱ ጊዜ በሕይወት ነበሩ። ከዚያ ጎን ተቀምጦ «የእኔ መጽሐፍ ደግሞ አተራረኩ ውብ ነው» የሚል ተሟጋች ምን ፊት ይዞ ይናገራል? ጥያቄው ልብ የሚነካው የቱ ነው ተብሎ እስከተጠየቀ ድረስ የሆነው ነገር ሊሆን ይችል ከነበረው ነገር ይበረታል። ልብ ወለድ የሚሸነፈው ደካማ ስለሆነ ሳይሆን፣ ያልተጠየቀውን ጥያቄ ስለሚመልስ ነው። የእነዚህን ግለ ታሪኮች ዋጋ እያሳነስኩ አይደለም፤ አብዛኞቹ ሊነበቡ የሚገባቸው ናቸው። ጥፋቱ ውድድሩን ባዋቀረው ሰው ላይ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ዝግጅቱ ያለ ብዙ ወሬ የሠራው አንድ ቁም ነገር አለ፤ እርሱም በፈረንሳይኛ የተጻፉ ልብ ወለዶችን ለእንግሊዝኛ አንባቢ ማድረሱ ነው። የኩቤክ ደራሲያን በገዛ አገራቸው ሌላኛው ግማሽ የማይታወቁ ሆነው ኖረዋል። በ2003 የኡበር አኬን፣ በ2010 የኒኮላ ዲክነር፣ በ2015 ከቬትናም በልጅነቷ በጀልባ የተሰደደችው የኪም ቱይ፣ በ2024 የካትሪን ለሩ ሥራዎች በትርጉም ቀርበው አሸንፈዋል። አራቱም ልብ ወለዶች መሆናቸውን ልብ ይሏል።

በ2023 ያሸነፈው «ዳክስ» የኬት ቢተን ሥዕላዊ ሥራ ነው፤ ከ«ኤሴክስ ካውንቲ» ውድቀት 12 ዓመት በኋላ አንድ ሥዕላዊ መጽሐፍ የመጀመሪያውን ድል ተቀዳጀ። የጥያቄና መልስ የቴሌቪዥን ውድድር ባለ ድል በሆኑት በማቲያ ሮች ተሟጋችነት ሲቀርብ፣ ሥዕል መጽሐፍ ሊባል ይገባዋል ወይ የሚለው ጉዳይ የ2011ን ያህል መሰናክል አልሆነም። ዘመኑ መለወጡ አንድ ነገር ነው። ሌላው ግን «ዳክስ» ግለ ታሪክ መሆኑ ነው፦ ቢተን የተማሪነት ዕዳዋን ለመክፈል በአልበርታ የነዳጅ ማውጫ ሰፈሮች ስትሠራ ያየችውና የደረሰባት። ስለ ሥዕሉ መናገር ሳያስፈልግ ስለ ሠራተኞቹ ኑሮ፣ ስለ ሴቶች ጥቃት፣ ስለ ተፈጥሮ ጥፋት በቃል ብዙ መባል ይቻላል። ሌሚር ያጣው ይህን ነበር።

የሚቀጥለው ዓመት ግን ነገሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰደው። ለለሩ ልብ ወለድ የቆመችው ራሷ ደራሲ የሆነችው ሄዘር ኦኒል ነበረች፤ የመጀመሪያ ልብ ወለዷ በ2007 በዚሁ ውድድር ያሸነፈላት። መጽሐፉ ዲትሮይት የተባለችው የአሜሪካ ከተማ በፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች እጅ የቀረችበትን ምናባዊ ዓለም የሚፈጥር በመሆኑ፣ በእውነተኛነት የሚመካበት ምንም ነገር የለውም። ያም ሆኖ አሸነፈ። ወደ ኋላ ስመለከት የ2005ቱን የተረሳ ልብ ወለድ ያነሣችው ዶና ሞሪሲ ደራሲ ናት፤ የ2008ቱን ከሞት ያስነሣው ዴቭ ቢዲኒ ከሙዚቀኛነቱ ጎን መጻሕፍት የሚጽፍ ሰው ነው፤ በ2003 ለአኬን የተሟገተችው ዴኒዝ ቦምባርዲዬም ጋዜጠኛና ደራሲ ነበረች። ዝናው የዘፋኙ፣ የተዋናዩ፣ የስፖርተኛው ቢሆንም፣ ገበያው የዘነጋውንና በቋንቋ ድንበር የታገደውን ልብ ወለድ ጎትተው ወደ ጠረጴዛው ያመጡት በብዛት የሚጽፉ ሰዎች ናቸው። አዘጋጆቹ ከአምስቱ ወንበሮች አንዱን በየዓመቱ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ቢይዙና የዓመቱን ጭብጥ ቢተዉ፣ ከሽያጩ የሚያጡት ብዙ አይመስለኝም።